ባሕር ማዶ ሄዶ የቀረ ዘመድ፦ ዱካውን ከባሕር ዳር ሆናችሁ የምትፈልጉበት መንገድ

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። «የአያቴ ወንድም በደርግ ጊዜ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ከዚያ አሜሪካ ተሻገረ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። እንዴት ላግኘው?» ጠያቂው አንዴ ከዘጌ ይመጣል፣ አንዴ ከሐሙሲት፣ አንዴ እዚሁ ከሽምብጥ። ጥያቄው ግን ያው ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ ልጻፈው፤ ለጠየቃችሁ ሁሉ ይሁን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚፈልገውን የሚያጣው መዝገብ ጠፍቶ አይደለም። ስሙንና ዓመቱን መዝገቡ በጻፈበት መንገድ ስላልጠየቀ ነው። እኔም የሴት አያቴን ወንድም ስፈልግ ሁለት ዓመት ባክኛለሁ። በአባቱ ስም እየፈለግሁ ነበር፤ እሱ ግን እዚያ አገር የሚታወቀው በአያቱ ስም ነበር። ለዚህ ነው ከታች ካሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ኢንተርኔት ሳትከፍቱ የሚሠሩት።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ስልክ ላይ ብቻ አትጻፉ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይበላሻል።
- ድምፅ የሚቀዳና ጥሩ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- የድሮ ፎቶዎች፣ ደብዳቤዎች፣ ፖስታዎች፣ የሐዋላ ደረሰኞች
- ለፍለጋው ብቻ የተከፈተ ኢሜይል
- የኢንተርኔት ፓኬጅ። ብዙ ገጽ ስለምትከፍቱ የሌሊቱ ይረክሳል።
- እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው፣ እናንተ ከከበዳችሁ

ገንዘብ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እስከ መጨረሻው ድረስ ዋናው ሥራ በነጻ ይሠራል።

1. መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ

በዕድሜ ከገፉት ጀምሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰነድ ይቆያል፣ ሰው አይቆይም። ሰውየው ደሴት ላይ ወይም ዘጌ ከሆኑ በጠዋቱ ጀልባ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ጨዋታውን በግማሽ ትታችሁ ለመመለስ ትቻኮላላችሁ።

ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥ ነው የሚጠየቀው። «መቼ ሄደ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ዓመተ ምሕረት ከብዙ ሰው ጭንቅላት ይጠፋል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ሲሄድ እናቴ ተወልዳ ነበር?» «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» «ጥምቀትን እዚህ ነው የዋለው?» እንዲህ ያለው ጥያቄ ዓመቱን ወደ አንድ ወይም ሁለት ያጠበዋል።

እነዚህን ሳታገኙ አትነሱ፦

- ሙሉ ስም እስከ ቅድመ አያት
- የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ቅጽል ስም። ውጭ ያሉ ጓደኞቹ በቅጽል ስሙ ብቻ ሊያውቁት ይችላሉ።
- የሚስቱ ስም፣ የአብሮ አደጎቹ ስም፣ አብሮት የወጣ ሰው ስም
- የተማረበት ትምህርት ቤትና የሠራበት መሥሪያ ቤት
- ለመጨረሻ ጊዜ ወሬው የተሰማበት ከተማ፣ ወሬውን ያመጣው ሰው

አብሮት የወጣውን ሰው በተለይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ብቻውን የሚሰደድ ሰው ጥቂት ነው። ዘመዳችሁን ባታገኙ ጓደኛውን ታገኛላችሁ፤ ጓደኛው ደግሞ ያውቃል።

ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አንዳንዱ ታሪክ የሚነገረው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያንን በደብተር ያዙ።

2. ሣጥኑን አስከፍቱ

እናቶች የማይጥሉት ወረቀት አለ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ፖስታው ነው። ደብዳቤውን ሁሉም ያነበዋል፣ ፖስታውን ግን ማንም አያየውም። የላኪው አድራሻ ከጀርባው ወይም ከግራ ጥግ ላይ አለ። አድራሻ ባይኖር እንኳ ቴምብሩ ላይ ያረፈው ማኅተም የከተማውን ስምና ቀኑን ይይዛል።

ሁለተኛው የሐዋላ ደረሰኝ ነው። በዌስተርን ዩኒየን ወይም በሌላ የተላከ ብር ደረሰኙ ላይ የላኪው ስም በላቲን ፊደል አለ። ሰው ብር ሲልክ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ስለሚጽፍ፣ ያ አጻጻፍ እዚያ አገር መዝገብ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው። ይህን ያገኘ ሰው አራተኛውን ደረጃ ግማሹን ጨርሷል።

ፎቶም ገልብጡ። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል። ድሮ በካሴት ተቀርጾ የተላከ ድምፅ ካለም አዳምጡት፤ የሰፈር፣ የሥራ ቦታ፣ የልጅ ስም ይነሳበታል።

ሁሉንም ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡ። ዋናውን ግን ከቤቱ አታውጡ።

3. ቀኑን ወደ እነሱ አቆጣጠር ቀይሩ

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ (የእነሱ ዲሴምበር 31) 7 ዓመት ጨምሩ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት ጨምሩ። ለምሳሌ የ1977 መስቀል፣ መስከረም 17፣ በእነሱ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1984 ነው። የዚያው ዓመት ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 1985 ነው። የእኛ አንድ ዓመት በእነሱ ሁለት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወሩን ካላወቃችሁ ሁለቱንም ዓመት ፈልጉ።

የልደት ቀን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በስደተኝነት አሜሪካ የገባ ሰው የልደት ቀኑን በሰነድ ማስረዳት ካልቻለ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል። ስለዚህ «የእኛ ሰው የተወለደው በሐምሌ ነው» ብላችሁ መዝገቡን አትጣሉት። ዓመቱም ለትምህርት ወይም ለሥራ ሲባል ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ወደፊትም ወደኋላም 5 ዓመት አስፍታችሁ ፈልጉ።

4. የስም ሠንጠረዥ ሥሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የፍለጋው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ለምሳሌ ሰውየውን ጸጋዬ ወርቁ አለሙ እንበለው። እኛ ጋ ስሙ ጸጋዬ ነው፤ ወርቁ አባቱ ነው፣ አለሙ አያቱ። የውጭ አገር ፎርም ግን «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። ፓስፖርቱ ላይ አያት ካለ የቤተሰብ ስሙ አለሙ ይሆናል። ሁለት ስም ብቻ ከነበረው ወርቁ ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱም ፈልጉ።

ከዚያ ስሙ እዚያው ይረጋል። ልጁም የልጅ ልጁም አለሙ ተብለው ይቀጥላሉ። እኛ ጋ የጸጋዬ ልጅ «… ጸጋዬ» ነው የሚባለው፤ እዚያ ግን «… አለሙ» ነው። የልጅ ልጆቹን በጸጋዬ ስም ብትፈልጉ አታገኟቸውም።

ሴት ከሆነች አንድ ጨምሩ። እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም። እዚያ ግን የባሏን ስም ወስዳ ሊሆን ይችላል።

ጥንድ ስሞች ደግሞ ይሰነጠቃሉ። ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም አንዳንዴ ተያይዘው፣ አንዳንዴ ተለያይተው ይጻፋሉ። «ወልደ» የመካከል ስም ሆኖ «ጊዮርጊስ» ብቻውን የቤተሰብ ስም ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ የነበረው ሰው ደግሞ አሜሪካ ሰነድ ላይ በመጀመሪያ ስም ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚል ይገባለታል። «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው፤ እውነተኛ ስም እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ደብተራችሁ ላይ መስመር አስምሩና ለእያንዳንዱ ስም ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሩ፦

- ጸ፦ በ«ቲ ኤስ»፣ በ«ቲ ዜድ»፣ ወይም «ቲ» ተጥላ በ«ኤስ» ብቻ
- ወ፦ በ«ደብልዩ ኦ»፣ በ«ደብልዩ ኢ»፣ በ«ደብልዩ ኤ»
- ቀ እና ቁ፦ በ«ኪው» ወይም በ«ኬ»
- ገ፦ በ«ጂ ኢ»፣ በ«ጂ ኤ»፤ በጣሊያን በኩል ላለፈ ሰው «ጂ ኤች ኢ»
- ሽ፦ በ«ኤስ ኤች»፤ በፈረንሳይኛ «ሲ ኤች»፤ በጀርመንኛ «ኤስ ሲ ኤች»
- መጨረሻ ላይ ያለ ኡ (አለሙ፣ ወርቁ)፦ በ«ዩ»፣ በ«ኦ ዩ»
- የሚጠብቅ ፊደል (ለምሳሌ የከበደ «በ»፣ የአበበ የመጀመሪያው «በ»)፦ አንዳንዱ ሁለቴ ይጽፈዋል

ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? ስሙን የጻፈው የካምፕ መዝጋቢ ወይም የኤምባሲ ጸሐፊ በሰማው መንገድ ነው የጻፈው። ሱዳን ላይ በዓረብኛ ተጽፎ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የተገለበጠ ስምማ የበለጠ ይለወጣል።

ብዙ የፍለጋ ሳይቶች የኮከብ ምልክት (*) ይቀበላሉ። በማይታወቁ ፊደላት ቦታ ኮከብ አስገቡ፣ እርግጠኛ የሆናችሁባቸውን ብቻ ጻፉ። አንዲት ፊደል ብቻ ካጠራጠረቻችሁ የጥያቄ ምልክት (?) ተኩ።

5. የወጣበትን መንገድ ለዩ

የትኛው መዝገብ ጋ እንደምትሄዱ የሚወስነው ይሄ ነው።

በ1970ዎቹ በሱዳን የወጣ ሰው በስደተኛ ፕሮግራም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ወይም አውሮፓ ገብቶ ይሆናል። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ወይም ኩባ የተላከ ከሆነ ፍለጋው ከትምህርት ቤቱ ይጀምራል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ከሆነ ዲቪ ሊሆን ይችላል። ቤተ እስራኤል ከሆኑ ደግሞ በ1977 በሱዳን በኩል ወይም በግንቦት 1983 በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሄደው ይሆናል። እስራኤል የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶታል። ስለዚህ በአማርኛ ስሙ ብቻ አትፈልጉ፤ የወላጆቹንና የመንደሩን ስም ጨምሩ።

6. እዚሁ ያሉትን መዝገቦች እዩ

አገር አቀፍ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ የአያታችሁን ወንድም የልደት ሰርተፍኬት ብላችሁ ወረዳ አትመላለሱ። በምትኩ የሚከተሉትን ሞክሩ።

የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ። ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት የነበረው ሰው ስሙ ሊኖር ይችላል። የፍርድ ቤት የወራሽነት ፋይልም ጥሩ ነው፤ ውርስ ሲጣራ ውጭ ያለው ወራሽ ከነአድራሻው ይጠቀሳል።

ባሕር ዳር የተማረ ከሆነ «ፖሊ» (ፖሊቴክኒኩ) ነው «ፔዳ» (የመምህራን ኮሌጁ)? ፖሊቴክኒኩ በ1955 ነው የተከፈተው። ዛሬ ሁለቱም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ናቸው፤ ስለዚህ ለሬጅስትራሩ በደብዳቤ ትጠይቃላችሁ። የክፍል ጓደኞቹን ስም ብታገኙ ይበቃችኋል። አንዱ ያለበትን የሚያውቅ አይጠፋም።

7. የውጭ መዝገቦችን ፈልጉ

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱትን ቀድሜ ልንገራችሁ። የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ውስጥ አትግቡ። የኤሊስ ደሴት መግቢያ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የእኛ ሰው በብዛት የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በአውሮፕላን ነው። የካናዳ ቤተ መዛግብትም ለሕዝብ የከፈተው የኢሚግሬሽን መዝገብ እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን ነው።

*አሜሪካ ከሆነ፦* ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ነጻ አካውንት ክፈቱ። እዚያ ውስጥ የሶሻል ሴኩሪቲ የሟቾች መዝገብ አለ፤ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የሞቱ ሰዎችን የልደት ቀን፣ የሞት ቀንና የመጨረሻ መኖሪያ ያሳያል። ቀጥሎ ፋይንድ አ ግሬቭ የሚባለውን የመቃብር ድረ ገጽ እዩ። ከዚያ ስሙን ከከተማው ጋር አድርጋችሁ የሐዘን ማስታወቂያ ፈልጉ። የሐዘን ማስታወቂያ ከሁሉም ይበልጣል፤ የልጆች፣ የወንድሞችና የቤተ ክርስቲያኑ ስም አንድ ላይ ይገኝበታል።

በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ የክፍለ ግዛቱን የንግድ ምዝገባ ሞክሩ። ምግብ ቤት፣ ታክሲ፣ ሱቅ የከፈተ ሰው ስሙ እዚያ ይገኛል፤ በነጻ ይታያል። የቤት ባለቤትነት መዝገብ በየካውንቲው አለ፤ በስም ለመፈለግ የሚፈቅዱት ግን ሁሉም አይደሉም።

የኢሚግሬሽን ፋይሉን ማግኘት ለምትፈልጉ፣ ጥያቄው ለአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በመረጃ ነጻነት ሕግ ይቀርባል። ሰውየው በሕይወት ካለ የእሱ ፈቃድ፣ ከሞተ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ መጨረሻ ላይ አድርጉት።

*ስዊድን ከሆነ፦* ዕድለኛ ናችሁ። የነዋሪዎች መዝገባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሂታ እና ራትሲት በሚባሉት ድረ ገጾች በስም ይፈለጋል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱንም መጠየቅ ይቻላል። ጥበቃ የሚደረግላቸው ሰዎች ግን አይወጡም።

*ጀርመን ከሆነ፦* ከተማውን ማወቅ አለባችሁ። የከተማው የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ በትንሽ ክፍያ አድራሻ ይሰጣል። ሰውየውን ከሞክሼው የሚለይ ነገር፣ ለምሳሌ የልደት ቀን ወይም የድሮ አድራሻ፣ ይጠይቃል።

የፈለጋችሁትን ሁሉ፣ ያጣችሁትንም ጭምር፣ ደብተሩ ላይ አስፍሩ፦ ቀን፣ ሳይት፣ ያስገባችሁት አጻጻፍ፣ ውጤት። ካልጻፋችሁ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ትደግማላችሁ።

8. ቀይ መስቀል ሂዱ

ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ይቆጨኛል። ቀይ መስቀል በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ አገልግሎት አለው። ነጻ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም። ከ1 እስከ 4 ያዘጋጃችሁትን ይዛችሁ ቅረቡ። እስራኤል ያለ ሰው ከሆነ እዚያ ያለው አቻ ድርጅት፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ይፈልጋል።

ሰውየው ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ካልፈቀደ አድራሻው አይሰጣችሁም። ይህ ተገቢ ነው፤ አትከፉበት።

9. ማኅበረሰቡን ጠይቁ

የመጨረሻው ከተማ የሚታወቅ ከሆነ፣ በዚያ ከተማ ያለውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር ወይም የኮሚኒቲ ማኅበር ፈልጉና ጻፉ። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ እዚያ ቀትር ካለፈ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይሆናል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ በአማርኛም በላቲንም ጻፉ፤ የድሮ ፎቶ ጨምሩ።

ጥንቃቄ፦
- የልደት ቀን፣ የስደት ምክንያት፣ የፖለቲካ ታሪክ በይፋ አትለጥፉ። ሰውየው ለጥገኝነት የተናገረውን እናንተ አታውቁም፤ ልትጎዱት ትችላላችሁ።
- «አግኝቼዋለሁ፣ ብር ላኩና አድራሻውን ልስጣችሁ» የሚል ከመጣ አትላኩ። ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ጠይቁት። ያን ነገር ከመጀመሪያውኑ ሳትለጥፉ አስቀሩ።
- ሞክሼ ብዙ ነው። ከስሙ ሌላ ቢያንስ ሦስት ነገር ሳይገጥም «አገኘነው» አትበሉ።

10. የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ጻፉ

አጭር ትሁን። ምንም ነገር አትጠይቁባት። ብር፣ ቪዛ፣ የመሬት ጉዳይ አይነሣባት። ብዙ ሰው የማይመልሰው ችግር ሊያመጡብኝ ነው ብሎ ስለሚፈራ ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የ… የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ወንድሟን … ሁልጊዜ ታነሣለች። እርስዎ እሱን ወይም ልጆቹን የሚያውቁ ከሆነ፣ ደህና መሆናቸውን ብቻ ብንሰማ ደስ ይለናል። መልስ መስጠት ባይፈልጉም እንረዳለን። የአያቴን ፎቶ አያይዤአለሁ።»

የምትጽፉት ለልጆቹ ከሆነ እንግሊዝኛውን ከሥር ጨምሩ። አማርኛ ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ፤ ፎቶው ግን ይናገራቸዋል። አንድ ወር ጠብቁ፣ አንዴ ድገሙ፣ ከዚያ ተዉት።

ያገኛችሁት የመቃብር መዝገብ ከሆነስ? በስልክ አትናገሩ። ለልጆች ነግራችሁም ቤት ውስጥ እንዲሾልክ አታድርጉ። መርዶ ወግ አለው። መጀመሪያ ለቤተሰቡ ታላቅ ወይም ለነፍስ አባት ንገሩ፤ እነሱ ሰው ሰብስበው በማለዳ ያረዳሉ። እናንተ የምታዘጋጁት ቀኑን ነው። ሰነዱ ላይ ማርች 14 ካለ በእኛ መጋቢት 5 ነው፣ የአቦ ዕለት። ቀይራችሁ፣ የክርስትና ስሙን ጨምራችሁ በወረቀት ጻፉና ለነፍስ አባት ስጧቸው። ፍትሐትም ተዝካርም የሚደረገው በዚያ ስም ነው።